ፍልሰታ ላይ ፍልሰት

ስሙኝማ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ሰርቨር ነው። «ሰርቨር ደግሞ ምን ወግ አለው?» እንዳትሉኝ። እኔም እስከ 2014 ዓ.ም. ክረምት ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

መሥሪያ ቤታችን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚገኝ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው። ሦስት ፎቅ፣ 64 ሠራተኛ፣ አንድ የአይቲ ኃላፊ፤ ኃላፊው እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ፣ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ። ቤቱ በሙሉ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በቀልድ። ሰርቨራችን ይኖር የነበረው ከደረጃው ሥር፣ ድሮ መጥረጊያና ሳሙና ይቀመጥባት በነበረች ጠባብ ክፍል ነው። እዚያች ክፍል ውስጥ ሆኖ 10 ዓመት ሙሉ፣ ክረምት ከበጋ፣ የቤቱን ደብዳቤ ሲቀበልና ሲልክ ኖሯል።

የሚሠራበት የኢሜይል ፕሮግራም ኤክስቼንጅ 2010 ነበር። ሠሪው ማይክሮሶፍት ጥቅምት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ድጋፉን አቁሞለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። ወራት ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን፣ ያው ማይክሮሶፍት ሰርጎ ገቦች እየገቡባቸው ያሉ አራት ቀዳዳዎች በኤክስቼንጅ ሰርቨሮች ላይ መገኘታቸውን ሲያስታውቅ፣ በየአገሩ ስንቱ መሥሪያ ቤት ተበርብሮ ኖሯል። ወሬውን በወረቀት አትሜ ወደ ባለቤቱ ወጣሁ። ጋሼ ነው የምንላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና፣

«ይሠራል አይደል?» አሉኝ።

«ይሠራል ጋሼ።»

«እንግዲያው የሚሠራ ነገር አትነካካ።»

አልነካካሁም። ታዲያላችሁ፣ ሰኔ 2014 መጀመሪያ ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጥቂት ታገለና ዝም አለ። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ ተነሣ፤ ግን ከደረጃው ሥር «ቲጥ… ቲጥ… ቲጥ» የሚል ድምፅ መሰማት ጀመረ። አንዱ ዲስክ ሞቷል። ግማሽ ቀን ኢሜይል ጠፋ። ጋሼ ያን ዕለት ደረጃውን ወርደው፣ በመጥረጊያ ክፍሏ በር ላይ ቆመው ድምፁን በራሳቸው ጆሮ ሰሙት።

«በል ሰርቨር ግዛ። ቅዳሜ ትገጥመዋለህ፣ ሰኞ እንሠራበታለን።»

«ሁለት ወር ይስጡኝ ጋሼ።»

«ሁለት ወር! ፎቅ ልትሠራ ነው?»

እንደ እውነቱ ከሆነ ሰርቨሩን መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሊኑክስ ጫንኩ፣ ደብዳቤ የሚያመላልሰውን ፖስትፊክስን ጫንኩ፣ ደብዳቤውን በሣጥን አስቀምጦ ለባለቤቱ የሚያሳየውን ዶቭኮትን ጫንኩ። ፖስትፊክስን ቪትሰ ቬኔማ የተባለ ሆላንዳዊ አይቢኤም ምርምር ክፍል ሳለ ጽፎ በ1998 እ.ኤ.አ. ለዓለም የለቀቀው ነው፤ ዶቭኮት ደግሞ የፊንላንዳዊው የቲሞ ሲራይነን ሥራ ነው። ሁለቱም ክፍያ የላቸውም። «ለምን በየወሩ እየከፈላችሁ የውጭ ኩባንያ ሰርቨር ላይ አትገቡም?» ያሉኝ ጓደኞች ነበሩ። ክፍያው በዶላር ነው፤ በዶላር መለዋወጫ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ዶላር ያኔ በወረፋ ይገኝ እንደነበር ያውቃል። በዚህ ላይ ጋሼ «ደብዳቤዬ ሰው አገር አያድርም» ብለዋል። ክርክሩ በዚያው አለቀ።

ሁለቱ ወር የሄደው በመቁጠር ነው። ደብተር ገዝቼ ፎቅ ለፎቅ መዞር ጀመርኩ። 64 ሠራተኛ ስላለን 64 የፖስታ ሣጥን የሚኖር መስሎኝ ነበር፤ አሮጌው ሰርቨር ላይ ያገኘሁት 91 ሆነ። የቀሩት 27ቱ የማን ናቸው? ሁለተኛ ፎቅ ያለው ፎቶ ኮፒ ማሽን የራሱ ኢሜይል አለው፤ ስካን ያደረገውን በራሱ ስም ይልካል። የይለፍ ቃሉን የሞላለት ቴክኒሽያን ከሄደ ስንት ዘመኑ! የሒሳብ ፕሮግራሙ ሌሊት ሌሊት ደረሰኝ ይልካል። የጣት አሻራ መፈረሚያዋ ያረፈደውን ሰው ዝርዝር ጧት 3 ሰዓት ላይ ለሰው ኃይል ታቀብላለች፤ እሷን ስመዘግብ ያየኝ ሽያጭ ክፍል በሙሉ «ይህቺን እንኳ እርሳት» ሲል ለመነኝ። አምስት ሰው በአንድ ቁልፍ የሚከፍታቸው የጋራ አድራሻዎችም አሉ። የቀሩት ከቤቱ የለቀቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱማ ነፍሱን ይማረውና በሕይወት የለም።

የለቀቁትን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ደብዳቤ ያለበትን «ይዛወር» አልኩ። ባዶ የሆነውንና ለዓመታት ተከፍቶ የማያውቀውን «ይቅር» ብዬ በቀይ ሰረዝኩ። ከሰረዝኳቸው አንዷ በ2009 ዓ.ም. ጡረታ የወጡት፣ የባንክ ጉዳይ ያስጨርሱልን የነበሩት እትዬ ናቸው። ሣጥናቸው ውስጥ አንዲት ደብዳቤ የለችም፤ ከወጡ ጀምሮ የከፈተውም የለም። ምን ጥርጣሬ ይገባኛል? ይህቺን ቀይ ሰረዝ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ደብዳቤ እንዴት መንገዱን እንደሚያገኝ ላውራችሁ፤ አለዚያ የኋላው ጉድ አይገባችሁም። እኛ አገር ፖስተኛ በየቤቱ እየዞረ በር አያንኳኳም። ደብዳቤው ፖስታ ቤት ካለው ሣጥን ይገባል፣ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። በየድርጅቱ ደብዳቤ ላይ ፖ.ሣ.ቁ. የማይቀረውም ለዚህ ነው። ኢሜይልም ከዚህ አይርቅም። ከጓንዡ የሚጽፍልን ነጋዴ ሰርቨር መጀመሪያ «የእነዚህ ሰዎች ፖስታ ቤት የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የተጻፈበት መዝገብ ኤምኤክስ ይባላል። ከመልሱ ጋር «ይህን ለዚህን ያህል ሰከንድ በቃልህ ያዝ» የሚል ቁጥር ይሰጠዋል። የእኛ ቁጥር 86400 ነበር፤ ድፍን አንድ ቀን። እንደዚያው ትቼው ፖስታ ቤቱን ብቀይር፣ ከለውጡ ጥቂት ቀደም ብሎ የጠየቀ ሁሉ እስከ ማግሥቱ ድረስ ደብዳቤውን ለአሮጌው ቤት ሲያደርስ ይውላል። ስለዚህ ከዝውውሩ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ቁጥሩን ወደ 300፣ ማለትም ወደ አምስት ደቂቃ፣ ማውረድ ነበረብኝ። የሚገርማችሁ ብዙ አይቲ ይህን የሚያስታውሰው በዝውውሩ ዕለት ነው፤ ያኔ ደግሞ የአምስት ደቂቃው ትእዛዝ ራሱ የሚሰማው ከአንድ ቀን በኋላ ነው።

ታዲያ ፖስታ ቤቱ ዝግ ሆኖ ቢገኝስ? ይህን ደንብ አውጪዎቹ ቀድመው አስበውበታል። የደብዳቤ ማስተላለፊያውን ደንብ ጆን ፖስቴል የሚባል አሜሪካዊ (ስሙ ራሱ ፖስታ ፖስታ ይላል) በነሐሴ 1982 እ.ኤ.አ. ጻፈው። በኋላ በታደሰው ደንብ መሠረት፣ በሩን ዝግ ያገኘ ላኪ ደብዳቤውን አይጥልም። ይይዘዋል፣ ቆይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመለሳል፤ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት አራት አምስት ቀን ይመላለሳል። በሩ ተከፍቶ ዘበኛው «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ካለው ግን ነገሩ ያኔውኑ አበቃ። ይህ መልስ ቁጥር አለው፤ 550 ይባላል። ላኪው 550 ሲሰማ ሁለተኛ አይመለስም።

በመካከሉ የወረቀት ሥራ ነበረ። አሮጌው የኢንተርኔት ቁጥራችን አንድ ጊዜ በገባብን ቫይረስ ምክንያት ስሙ ጠፍቶ ስለነበር አዲስ ቁጥር ወሰድን። በቁጥሩ ተጠይቆ የሰርቨሩ ስም እንዲመለስ ደግሞ የተገላቢጦሽ መዝገብ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ትላልቆቹ ተቀባዮች ደብዳቤያችንን እንደ ቆሻሻ ነው የሚያዩት። ጥያቄው በደብዳቤ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ባለቤቱ ፈርመውበት ቀረበ። ኢሜይል ለማስተካከል ፖስታ ይዤ በእግሬ ሄድኩ እላችኋለሁ! በስማችን የመላክ መብት ያለው ሰርቨር የትኛው እንደሆነ የሚናገረውን ኤስፒኤፍን ጻፍኩ። ዲኪም የሚባለውን የፊርማ ቁልፍም አወጣሁ። ባለ 2048 ቢት ነው፤ ስጽፈው ግን መዝገቡ በአንድ ቁራጭ ከ255 ፊደል በላይ እንደማይቀበል ዘንግቼ ጭራው ተቆርጦ ቀረ። ፊርማችን ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ሐሰተኛ እንደሚባል ስፈልግ ከርሜ፣ ለሁለት ከፍዬ ብጽፈው ሠራ።

የቀረው ቀኑን መቁረጥ ነው። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ስለሚዘጋ ሒሳብ ክፍል «ሰኔን እንዳታስቡት» አለ። ሐምሌ የግብር ወር ስለሆነ ያው ነው። መስከረም አዲስ ዓመትና መስቀል አለ። ነሐሴ ቀረ። ቅዳሜ ነሐሴ 14 ቢሆን እሑድን እንጠግንበታለን፣ ሰኞ ነሐሴ 16 ሥራ እንጀምራለን። ለጸሐፊያችን ቀኑን ስነግራቸው የቡና ሲኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

«ፍልሰታ ላይ ፍልሰት! በል እመቤቴ ትርዳህ።»

ስሙ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ፍልሰታ ሆኖ ቀረ። «ከፍልሰታ በፊት የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ»፣ «ከፍልሰታ በኋላ ነው የሚስተካከለው» ይባል ነበር፤ የውጭ ሰው ቢሰማን ሰበካ ጉባኤ እንጂ አይቲ ክፍል አንመስልም።

ደብዳቤው 180 ጊጋባይት ነበር። ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ቅጂው በስሌት ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። ስሌት ግን ዳቦ አይሆንም። ደብዳቤ እንደ ፊልም አንድ ትልቅ ፋይል አይደለም፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቁርጥራጭ ነው፣ እያንዳንዱም ተጠርቶ፣ ታይቶ፣ ተመዝግቦ ነው የሚያልፈው። ኢማፕሲንክ በሚባለው ፕሮግራም ከነሐሴ 6 ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ቀዳን፤ ስድስት ሌሊት ፈጀ። ጥሩነቱ፣ የቀዳውን ደግሞ አይቀዳም፤ በመጨረሻው ምሽት የሚቀረው የዕለቱ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፈው ደብዳቤ ብቻ መሆኑን ግን ልብ በሉ። የቀን መቁጠሪያና የስልክ ዝርዝር አይሻገርም፣ ለብቻ ማውጣት ያስፈልጋል። የትራንዚት ኃላፊያችን ደግሞ ከእሱ በፊት ከነበሩት ሰዎች የወረሳቸውን ደብዳቤዎች ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ላይ፣ በ11 ፋይል ቋጥሮ ይዟቸው ተገኘ። «ሰርቨር አላምንም» አለኝ። ያን የዲስክ ድምፅ የሰማ ሰው ምን ብዬ ልፍረድበት?

ቅዳሜ ነሐሴ 14 መጣ። ዕቅዱ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፦ «2:00፦ አሮጌው በር ይዘጋል፣ የመጨረሻው ቅጂ ይጀምራል።» በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ቅጂውን በሰዓቱ እንዲነሣ አድርጎ የሚሞላው ኢንጂነር ነው። ከማታው 2 ሰዓት ላይ በሩን ዘጋሁ። የጾም በያይነቱ መጣ፣ በላን። ቡና ተፈላ፣ ጠጣን። 3 ሰዓት ሆነ። ማሳያው ላይ አንድ መስመር አልተንቀሳቀሰም። ዘበኛው ሳይቀር ወንበር ስቦ አብሮን ያፈጣል። 3 ሰዓት ተኩል ሆነ።

«ኢንጂነር፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሞላኸው?»

«2 ሰዓት ነዋ! ዕቅዱ ላይ እንዳለው።»

ሄጄ አየሁት። እውነት ነው፣ 2:00 ብሎታል። ማሽኑ ግን የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። ለእሱ 2:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ልጁ ራሱን ሲይዝ ዘበኛው «ታዲያ እናንተ የተማራችሁት ናችሁ አይደል?» ብሎ ወንበሩን መለሰ። በእጃችን አስነሣነው። ጥፋቱ የዕቅዱ ጸሐፊ ነበር፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ያን ያህል ሰዓት በሩ ዝግ ሆኖ የጠፋ ደብዳቤ ግን አልነበረም፤ ላኪዎቹ እንደ ደንቡ ተመላልሰዋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኤምኤክሱን ቀየርኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያዋ ደብዳቤ በአዲሱ ሰርቨር ገባች፤ የሎተሪ ዕድለኞች መሆናችንን የምታበሥር የአጭበርባሪ ደብዳቤ ነበረች። ተቃቅፈን ጨፈርን።

ሰኞ ጾሙ ተፈታ፣ ቤቱ በዶሮ ወጥ ወሬ ተሞላ። ጧት የትራንዚት ኃላፊው እየጮኸ መጣ፤ «ደብዳቤዎቹን አበላሸሃቸው!» ብሎ። ቢታዩ አማርኛው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኗል። አልተበላሹም ነበር። የተጻፉት በቪዥዋል ግዕዝ ነው። ሆሄያችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት በእነዚያ አሮጌ ፎንቶች ሲጻፍ ነው የኖረው። ፎንቱን ስጭንለት አማርኛው ተመለሰ፤ እሱም ዝም አለ። ፎቶ ኮፒው እንዳኮረፈ እስከ ከሰዓት ቆየ። የአሻራ መፈረሚያዋ ብቻ አንድ ቀን እንኳ ሳታጓድል ያረፈዱትን አቀበለች።

ረቡዕ ከባንክ ስልክ ተደወለ። «የኤልሲ ሰነዳችሁ ሰኞ ደርሷል፣ አሳውቀናችኋል፣ ለምን አትመጡም? ኢሜይላችን ተመልሶብናል።» ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ሰነድ ይጠብቃል። የሰርቨሩን መዝገብ ስገልጥ ሰኞ ጧት የገባ አንድ መስመር አየሁ፦ 550፣ እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም። አድራሻው የእትዬ ነው።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ እንዴት ነዎት? በዚያ በድሮው ኢሜይልዎ የባንክ ደብዳቤ ይመጣ ነበር እንዴ?»

«ታዲያ በማን ይምጣ የኔ ልጅ! ከመጀመሪያው ባንኩ የያዘው የእኔን ነው። ስወጣ ለተተካችው ልጅ እንዲተላለፍ፣ ከእኔ ሣጥን ደግሞ እንዲጠፋ አድርጌው ነው የወጣሁት። ለአንተም ነግሬህ ነበር እኮ።»

ነግረውኛል። በሽኝታቸው ዕለት፣ ኬኩ ሲቆረስ፣ በጆሮዬ ነግረውኛል። ሣጥኑ ባዶ የሆነው ደብዳቤ ስለማይገባው አልነበረም፤ የገባው ሁሉ ተላልፎ ስለሚሰረዝ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ከቤቱ ሁሉ ዋና ዋናው ደብዳቤ ያለፈው ባዶ ብዬ በቀይ በሰረዝኩት ሣጥን በኩል ኖሯል። እኔ ሣጥን ቆጠርኩ፤ መቁጠር የነበረብኝ ደብዳቤ ነው። አሮጌው ሰርቨር የገባና የወጣውን የ30 ቀን መዝገብ ይይዛል፤ ባለፈው ወር ደብዳቤ የደረሰው አድራሻ የትኛው እንደሆነ ብጠይቀው በአንድ ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። ሁለት ወር ደብተር ይዤ ስዞር ይህን አልጠየቅሁትም።

ይባስ ብሎ ፖስትፊክስ ላይ «ሶፍት ባውንስ» የምትባል አንዲት መስመር አለች። እሷ ከበራች ሰርቨሩ የማያውቀውን ተቀባይ «የለም» አይልም፤ «ለጊዜው አልተመቸኝም፣ ተመለስ» ይላል። የተሠራችው እንዲህ ላለው ወቅት ነው። ያን ሳምንት አብርቻት ቢሆን ኖሮ የባንኩ ደብዳቤ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ቅዳሜ በሩ ዝግ ሳለ ምንም አልጠፋብንም፤ ሰኞ በተከፈተው በር ግን ዘበኛው እንግዳ መለሰ።

ተላላኪያችን በሩጫ ባንክ ሄዶ ሰነዱን አመጣ። ሁለት ቀን ባከነ። ጋሼ ጠርተው አልተቆጡኝም፤ «ቀይ እስክሪብቶህን አምጣ» አሉና ከእጄ ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። መዝገቡን ከላይ እስከ ታች ሳነብ 550 የተባሉ ሌሎች ስድስት ደብዳቤዎች አገኘሁ፤ ላኪዎቹን አንድ በአንድ እየደወልኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። ዝውውር የምታስቡ ካላችሁ፣ ያቺን የሶፍት ባውንስ መስመር ለአንድ ሳምንት አብሩልኝ፤ መዝገቡንም በየማታው አንብቡ፤ ማጥፋቷን ግን እንዳትረሱ።

አሮጌው ሰርቨር እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ለማንበብ ብቻ ክፍት ሆኖ ቆየና ጠፋ። የመጥረጊያ ክፍሏ ወደ ጥንት ሥራዋ ተመልሳለች። የእትዬ አድራሻ ግን አዲሱ ሰርቨር ላይ አለ፤ ባንኩ እንዲቀይረው ደብዳቤ ብንጽፍለትም እስከ ዛሬ የሚልከው በእሳቸው ስም ነው። ትናንት ብቻ 3 ደብዳቤ ገብቶላቸዋል።